የአባቴ ጣሪያና ዳልቻው በሬ

ዛሬ ጅጋ፣ ወላጆቼ ቤት ጣሪያ ላይ ሜትር ይዤ ወጣሁ። እናቴ ከታች «ኧረ በማርያም፣ ውረጅ ልጄ!» ይላሉ።

ጣሪያው ስላፈሰሰ አባቴ ቆርቆሮውን በሙሉ ሊቀይሩ፣ ለዚያም ዳልቻ በሬያቸውን ነገ ገበያ ወስደው ሊሸጡት ነበር። የተማርኩት ግንባታ ነውና «ቆዩ፣ መጀመሪያ ልለካው» አልኳቸው።

(ከፍታ እንደምፈራ ለማንም እንዳትነግሩብኝ።)

ዝገት ያገኘሁት ዝናብ በሚገርፈው ጎን ብቻ ነው። ተዳፋቱንና ቆርቆሮው የሚደራረብበትን ጨምሬ የሚያስፈልገውን ቆርቆሮ አሰላሁ፤ ወጪውን የዘንድሮው በቆሏችን ሽያጭ ይችለዋል፤ በሬ ለመሸጥ አያደርስም።

አባቴ ይህን እንደሰሙ በሬውን ፈትተው ወደ ሜዳ ለቀቁትና፣ ቆሞ ሲያየን ለነበረው ጎረቤታችን ጮክ ብለው «ያንተንም ትለካልሃለች፤ ልጄ እኮ ናት!» አሉት።

እናንተንስ ወላጆቻችሁ በሰው ፊት እንዲህ ያሏችሁ መቼ ነው?