ገንቦ ውስጥ ያለችው እናት

ሞንጂያ ከባሕር የራቀችው የጋፍሳ ከተማ ልጅ ናት። ፎስፌት የሚቆፈርበት ተራራ ሥር ስላደገች፣ እስከ ሃያ አራት ዓመቷ ከጉድጓድ ውኃ ሌላ ውኃ አታውቅም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ከርከና ደሴት ላይ ለማስተማር ስትመደብ እናቷ አለቀሱ። እሷም ከስፋክስ ወደብ እስከ ደሴቱ የተሻገረችው መርከቡ ላይ ዓይኗን ጨፍና ነው። በገባች በወሩ የዝውውር ማመልከቻ ጻፈች።

የተሰጧት ልጆች የአምስትና የስድስት ዓመት ነበሩ። ፀደይ ላይ ትምህርቱ «እንስሳትና መኖሪያቸው» የሚል ላይ ደረሰ። አንበሳ የተሳለበትን ካርድ ስታነሣ ልጆቹ ጫካ ይላሉ፤ ግመሉን ስታነሣ በረሃ ይላሉ። ስምንት እጅ ያለው ኦክቶፐስ ጋ ስትደርስ ግን ትብር የምትባል የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ከሁሉም ቀድማ፣ «ገንቦ ውስጥ» አለች።

ሞንጂያ ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሆኖም መምህራቸው ስትስቅ ልጆቹም ሳቁ። ባሕር ውስጥ እንደሚኖር ነግራ አረመቻት። ትብር ሳምንቱን ሙሉ ቃል ሳትተነፍስ ከረመች።

ሐሙስ ዕለት አያቷ መጡ። ኽማይስ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ዛጎል የተጣበቀበት የሸክላ ገንቦ በብብታቸው ይዘው ገቡና ደብተሮቹ መሐል አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ ዋሽታለች ወይ?»

«ኧረ አልዋሸችም፣ አባባ። እኔ ነኝ ያላወቅሁት።»

ሽማግሌው ቁጭ ብለው አስረዷት። ኦክቶፐስ ጠባብና ጨለማ ቤት ይወዳል። የደሴቱ ሰው ገንቦውን በገመድ አስሮ ባሕሩ ወለል ላይ ሲያስተኛው፣ ቤት አገኘሁ ብሎ ይገባል፤ እንዲያ ነው የሚያዘው።

«መጽሐፍሽ ባሕር ቢል አልተሳሳተም» አሏት። «ግን ባሕር አገር ነው እንጂ ቤት አይደለም። ነገ ውኃው ሲሸሽ ልጆቹን ይዘሽ ነይ።»

እምቢ የምትልበት ሰበብ ፈለገች። ትብር ግን በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

በማግስቱ ሃያ ሦስት ልጆችና አንዲት መምህር ልብሳቸውን ሰብስበው ባሕሩ ውስጥ ገቡ። ውኃው ጉልበቷ ሲደርስ ሞንጂያ ቆመች። ትብር እጇን ያዘችና እግሯን እየጎተተች እንድትሄድ መከረቻት። ከዚያም ድንጋይ ሥር ያለ ቀዳዳ አሳየቻት፤ ደጃፉ ላይ ተበልቶ የተጣለ የሸርጣን ቅርፊት ተከምሯል።

«አለ ማለት ነው» አለች ትብር። «ቤቱን አይጠርግም።»

አያትየው አንዱን ገንቦ ጎትተው አወጡና ውስጡን አዩ። ለሞንጂያ አጋደሉላት። ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ዕንቁላሎች እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለዋል፤ እናትየው በእጆቿ አቅፋቸዋለች። ሽማግሌው ገንቦውን ቀስ አድርገው መለሱት፤ ገመዱ ላይም ማንም እንዳይነካው ቀይ ጨርቅ አሰሩበት።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹ እናቲቱን ኦክቶፐስ በየሳምንቱ እየሄዱ ይጠይቋት ጀመር። ዕንቁላሎቿን ትዳብሳለች፣ ውኃ ትነፋባቸዋለች፤ ምግብ ግን አትቀምስም። ልጆቹ ሸርጣን ይዘውላት ቢሄዱ ገፍታ ጣለችው። እየገረጣች ሄደች። ሞንጂያ መጨረሻውን ከኽማይስ ሰምታ ነበር፤ ለልጆቹ እንዴት ብላ እንደምትነግራቸው ግን ጨነቃት።

ትምህርት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ገንቦው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዕንቁላሎቹ ተፈልፍለው ሄደዋል። እናትየው አጠገቡ ሞታ ትንንሽ ሸርጣኖች ከበዋታል። አንዱ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ሞንጂያ ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችና ውኃው ውስጥ ተንበረከከች።

«ልጆቿን ስትጠብቅ ኖራ ደከማት» አለቻቸው። «እስኪወጡ ግን አልተለየቻቸውም።»

ትብር ትንሽ አሰበችና፣ «ልጆቿስ አሁን የት ነው የሚኖሩት?» አለች።

«አላውቅም» አለች ሞንጂያ። «አባባን እንጠይቃቸው።»

ኽማይስም ማዕበሉ ይወስዳቸዋል ከማለት ሌላ የሚያውቁት አልነበራቸውም። ልጆቹ ግን ያን ቀን እስኪመሽ ሲከራከሩ ዋሉ።

ዝውውሩ ሐምሌ ላይ ተፈቀደ፤ ያውም እናቷ ሠፈር። ሁለት ቀን አስባ አልሄድም ብላ መለሰችው። እናቷ ወር ሙሉ አኩርፈው ከረሙና በመጨረሻ የወይራ ዘይት ተሸክመው ራሳቸው መጡ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። አንድ ጊዜ የትምህርት ተቆጣጣሪ መጥቶ ክፍሉን ባዶ ሲያገኘው ዘበኛው በእጁ ወደ ባሕሩ አመለከተው። ሰውየው ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ያን ቀን የጻፈው ሪፖርት ርሶ ማንም ሊያነበው አልቻለም ይባላል።