ዘጠኝ ስንዝር

ከደቡብ ሱዳን ሪፈረንደም በፊት በነበረው ዓመት፣ ጁባ አማራት ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል የምጋራው የሥራ ባልደረባዬ በወባ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ሁለታችንም የአንድ ሕንፃ ሥራ ተቋራጭ መሐንዲሶች ነበርን። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ደንዝዤ ቀረሁ። የቀረኝ ሥራ አስከሬኑን ለእናቱ ማድረስ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ አስከሬን አያድርም።

አዲስ አበባ የሚሄድ ትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ተገኘ። ሄጄ የዕቃ መጫኛውን ወለል ለካሁ። ሜትር እንኳ አልያዝኩም፣ አይ መሐንዲስ! በስንዝሬ ርዝመቱ ስምንት፣ ወርዱ አምስት ሆነ። ካቶር ሰፈር ያለው አናጢ የሠራው ሣጥን ዘጠኝ ነው። ቀጥ ብሎ አይገባም፤ በሰያፍስ?

እዚያው ቆሜ አሰላሁ። ስምንት በስምንት ስልሳ አራት፣ አምስት በአምስት ሃያ አምስት፤ ድምሩ ሰማንያ ዘጠኝ። ዘጠኝ በዘጠኝ ሰማንያ አንድ፣ አስር በአስር መቶ። እንግዲህ ሰያፉ ከዘጠኝ ይበልጣል፣ ከአስር ያንሳል። ከነጥብ በኋላ ያለውን ማን ይፈልገዋል? ዘጠኝ ይበቃኛል። ደስ አለኝ፤ በዚያ ቀን የተሰማኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ላሉት አጎቱ ደወልኩ። አስከሬኑ መምጣቱ ሳይረጋገጥ አናረዳም ብለው መርዶውን ይዘውት ነበር። "ይገባል፣ ዛሬውኑ ይደርሳል" አልኳቸው። ሽማግሌ ሰብስበው ሄደው ለእናቱ አረዱ። ድንኳን ተተከለ፣ መቃብር ተቆፈረ።

ሣጥኑ መጣ። አራት ሆነን በሰያፍ ብናስገባው ማዕዘኖቹ ግድግዳውን መቱ። አዞርነው፤ ያው ነው። ለካ ሣጥን ወርድ አለው! እኔ ያሰላሁት ለአንዲት መስመር ነበር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የማይሳሳተውን ተሳሳትኩ፤ ሰውዬው ትከሻ እንዳለው ረሳሁ። ጫኚው በዓረብኛ "ማሌሽ"፣ ምንም አይደለም፣ አለኝ፤ አብራሪው ሰዓቱን አይቶ በሩን ዘጋ።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ጁባ ቀበርነው። ያኔም አላለቀስኩም።

ለአጎቱ ስነግራቸው እናትየው ስልኩን ተቀበሉ።

"ምን ያህል ነው የጎደለው፣ ልጄ?"

"አንድ ስንዝር፣ እማማ።"

"እሱ እኮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩን አጥፎ ነው የሚተኛው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል አድረናል፤ አውቅ ነበር።