በረኪና የነካው ደሴት

ዛሬም ወጥ ቤቴን በበረኪና ሳጸዳ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሰርስሮ ዓይኔን ሲቆጠቁጠኝ፣ ትዝ የሚለኝ ወረርሽኙ ሳይሆን የትም የሌለ አንድ ደሴት ነው።

ፋሲካ ሳይደርስ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ናሆም ከተማ ከሚለቅ የክፍሉ ልጅ አንድ ያገለገለ መጽሐፍ በፌስታል ተቀብሎ ከአገር ርቀን በምንኖርበት ሬይኖልድስበርግ ወዳለው ቤታችን ይዞ መጣ። እማዬ በዚያ ሰሞን ሙዝ እንኳ ሳታጥብ አታስገባም ነበርና፣ መጽሐፉን በር ላይ ነጥቃ በረኪና በነካ ጨርቅ ፈትጋ ስትመልስልን፣ የሽፋኑ ባሕር ነጥቶ የደሴቱ ደቡባዊ ዳርቻ አብሮ ጠፍቶ ነበር። ናሆም ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። መጽሐፉ ልብ ወለድ አልነበረም፤ ጠረጴዛ ተከቦ በአፍ ለሚካሄድ ጨዋታ የተዘጋጀ ስለነበር ካርታውን፣ ወደቦቹን፣ ገዢዎቹንና አውሬዎቹን ዘርዝሮ ያበቃል፤ ታሪኩን ተጫዋቾቹ ይፈጥሩታል። አንዱ ደሴቱን ይመራል፣ ሌሎቹ መንገደኛ ይሆናሉ፣ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይጣላል፣ በወጣው ቁጥር ይወሰናል። ማንበብ የምወደው እኔ ስለነበርኩ ደሴቱን መምራት ለእኔ ደረሰኝ።

ሙቀቱ ሲመጣ ጋራዡን ከፍተን እዚያ እንጫወት ነበር። አባዬ ኒው አልባኒ ካለው የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ሲመለስ በእማዬ ትእዛዝ የሥራ ልብሱን እዚያው ሳይቀይር ቤት አይገባም ነበርና፣ ከካርቶኖቹ ጀርባ ሸሚዙን እየቆለፈ ያዳምጠን ጀመር። መጀመሪያ ዳይሱን አይቶ ቁማር ነው ብሎ ተቆጣ፤ በሳምንቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ናሆም ጦረኛ እንዲሆን ቢለምነው አሻፈረኝ ብሎ ሽማግሌ ሆነ፤ በየመንደሩም የሚታደነው ዘንዶ የት እንዳለ ከመጠየቁ በፊት ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ሳይጠይቅ ንቅንቅ አይልም ነበር።

«ዳድ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ሮል» ይለዋል ናሆም ራሱን ይዞ፣ ዳይሱን ብቻ እንዲጥል እየለመነ።

አባዬ ግን ይባስ ብሎ እነዚህ ሰዎች ዕድር አላቸው ወይ አለኝ። መጽሐፉን አገላብጬ የላቸውም ስለው፣ ታዲያ ሲሞቱ ማን ይቀብራቸዋል ብሎ አፈጠጠብኝና፣ እርሳስ አንስቶ በየመንደሩ ገጽ ጥግ ላይ «ዕድር አላቸው» ብሎ ጻፈበት። ከሁሉም አብልጦ የሚወዳቸው ወደቡ ላይ ጀልባ የሚያከራዩ አሮጊት ነበሩ። መጽሐፉ ታማሚ ናቸው ስለሚል፣ በሄደ ቁጥር ጤናቸውን ጠይቆ፣ ተሽሏቸው እንደሆነ ለማወቅ ዳይሱን ይጥል ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እማዬ እኔንና ናሆምን መኪና ውስጥ አስቀምጣ፣ አባዬን ያሳደጉት ታላቅ እህቱ እትዬ ዘነበች ደብረ ብርሃን ማረፋቸውን ነገረችን። እሱ ገና አልሰማም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰባስቦ በማለዳ መጥቶ፣ አስቀምጦ ይነግራል፣ ነግሮም አብሮ ያለቅሳል። መንገር የሚገባቸው የአባዬ አጎት ጋሼ መኮንን ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በበሽታው ተይዘው ከቤት አይወጡም። እስኪሻላቸው እማዬ ዘመዱን ሁሉ ኮል እንዳያደርግለት አስጠነቀቀች፣ እኛንም አፋችንን እንድንጠብቅ አስማለችን። የፈራችው ሥራ ቦታ፣ ካርቶን እንደተሸከመ፣ ብቻውን እንዳይሰማ ነበር። እኔ የፈራሁት ከእኔ አፍ እንዳይሰማ ነው።

ስለዚህ ሞትን ከደሴቱ አስወጣሁ። የመቃብሩን ገጽ ዘለልኩ፣ አውሬዎቹን ጥርስ አሳጣሁ፣ በሽተኞቹን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፈወስኩ። አባዬ እንደ ልማዱ ወደቡ ደርሶ አሮጊቷ እንዴት ሰነበቱ ሲል፣ ጥያቄውን ሳያስጨርስ ደህና ናቸው አልኩት። ዳይሱን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ቀድሜ በመዳፌ ሸፈንኩት። እጄን አየ። ናሆምን አየ፤ ናሆም ጫማውን ያይ ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አለ በቀስታ።

«ደሴቱ ላይ ማንም አልሞተም።»

«ስለ ደሴቱ አልጠየቅኩሽም።» አፌን ስከፍት እጁን አንስቶ አስቆመኝ። «ተይ፣ አትንገሪኝ። መንገር ያለባቸው መጥተው ይንገሩኝ። መጠርጠሬን ለእናታችሁ እንዳታወሩ።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ሥራ ሄደ፣ ጋራዥ ውስጥ ልብሱን ቀየረ፣ እራቱን በላ፣ እማዬን አሳቃት። የትም አልደወለም። እማዬም ምንም አልጠረጠረም እያለች ደስ ይላት ነበር። በአሥረኛው ቀን ማለዳ ጋሼ መኮንን ከሦስት ሰዎች ጋር መጥተው፣ ማስካቸውን እንዳደረጉ፣ ጋራዡ ውስጥ ተራርቀው ቆሙ። አባዬን አስቀምጠው ነገሩት። ሲያለቅስ ከመጡት ማንም ሊያቅፈው አልቻለም። ብቻውን እንዳይሰማ የማልነውን መሐላ እኔ በእጄ አፍርሼ፣ የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ዘጠኝ ቀን ብቻውን አስቀመጥኩት። በዘጠኙ ቀን ስንቱን ዘመዱን በሐሳቡ ሲቀብር እንደከረመ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

በረዶ ሲጥል፣ ከአርባው በኋላ፣ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ዘንዶውን ትቶ ሽማግሌውን እንደ ለቅሶ ደራሽ የአሮጊቷ ደጅ ላይ አስቀመጠው፤ ዳይስ አልጣለም። ናሆምም ጦረኛውን አጠገቡ አስቀመጠ።

አሁን የምኖረው ሉዊስ ሴንተር ነው፣ መጽሐፉም እኔ ዘንድ አለ። ዛሬ መርዶ ማለዳን አይጠብቅም፤ የቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ የሻማ ሥዕል ይለጠፋል፣ ሁሉም በያለበት ያነባል። ባለፈው ዓመት ጋሼ መኮንን ሲያርፉ እኔም እንዲሁ አነበብኩ፤ ወዲያው አባዬ ደወለ።

«አይቼዋለሁ» አለኝ። «ግን መጥተሽ ንገሪኝ።»

በማግስቱ ማለዳ ናሆምን ይዤ ሬይኖልድስበርግ ስደርስ፣ ጋራዡን ከፍቶ፣ ሦስት ወንበር አቀራርቦ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አስቀመጥኩትና ነገርኩት።