በአንድ ዓይን ከሰኞ ወደ ማክሰኞ

እንደ እኔ ያለች ሐሜተኛ ዓይኗ ሲጠፋ ምን ይተርፋታል? ወሬውን በጆሮዬ እሰማለሁ፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ግን አላይም። ላጊማይና እባላለሁ። በአሜሪካ ሳሞአ፣ ፓጎ ፓጎ ባለው የዓሣ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ቱና ስገፍፍ ኖሬያለሁ። የግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ለጌጥ ነው፤ የቀኙን ደግሞ ሞራ ጋረደው። ባለፈው ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ የፓስተሩን ሚስት አልፌ ምሰሶውን ጤና ይስጥልኝ ብዬዋለሁ።

ፋብሪካ ደግሞ ቢላዋዬ ዓሣውን ትቶ ጣቴን መፈለግ ጀመረ። አለቃዬ፣ «እማማ፣ ይሄ ቱና ነው ወይስ ጣትሽ? ወሩ ሳያልቅ ካልታከምሽ ቢላዋውን መልሺ» አለኝ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቀዶ ጥገናው ሃዋይ ነው አሉኝ። ጸሐፊዋ በአፍንጫዋ ታወራለች፦ «እኛ እኮ የአሜሪካ ግዛት ነን እንጂ ክፍለ ሀገር አይደለንም። ለክፍለ ሀገሮቹ የሕክምና ገንዘብ እንደታማሚያቸው ብዛት ይሰጣል፤ የእኛ ጣሪያ አለው። ጣሪያው ደግሞ ተነክቷል። ዓመት ጠብቂ።»

ከባሕሩ ማዶ፣ አፒያ፣ የራሳቸው መንግሥት ያላቸው ሳሞአዎች አሉ። የአክስቴ ልጅ ፉአቲኖ እዚያ ናት። ሠላሳ ዓመት በየገናው እየሄድኩ ሰማያዊ ፓስፖርቴን እንደ ማራገቢያ ሳወዛውዝባት ኖሬያለሁ። «እናንተ እንዳትታመሙ ጸልዩ፤ እኛን አሜሪካ ታክመናለች» እላት ነበር። የዓይኔን ነገር ሰምታ እሷው ደወለችልኝ።

«የዓይን ሐኪሞች ከኒው ዚላንድ መጥተውልናል፣ በነጻ። ለሰኞ አስመዝግቤሻለሁ። አሜሪካሽ የት ሄደች?»

«ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩ።

ሰኞ ጠዋት በረርኩ። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ነው። ፉአቲኖ ራሷን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ትናንት ነበር እኮ!»

«ትናንት እሁድ ነው፣ ምን ነካሽ!»

«ያንቺ እሁድ የእኛ ሰኞ ነው፣ አንቺ ደንቆሮ! መንግሥታችን ቀኑን ከእናንተ በአንድ ቀን ካስቀደመ ስንት ዓመቱ! በየገናው እየመጣሽ ትረሺዋለሽ? ሐኪሞቹ ዛሬ ማታ ይሄዳሉ!»

ለካ እኔ ቤተክርስቲያን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስዘምር እዚህ ስሜ ሲጠራ ነበር።

ሮጠን ደረስን። ነርሷ፣ «ተራሽ አልፏል። የት ነው የምትኖሪው?» አለችኝ። የሰው ድምፅ ማስመሰል እችልበታለሁና የፉአቲኖን አነጋገር ቁጭ አደረግኩት፦ «እዚሁ ነኝ እቴ!»

«እስቲ ፓስፖርትሽን።» አየችውና ሳቀች። «አንቺማ አሜሪካዊት ነሽ! አሜሪካ ታክምሽ። ይሄ ለራሳችን ሰው ነው።»

ፉአቲኖ ፓስፖርቱን ነጥቃ ኋላውን ገለጠችው። «ይቺን አንብቢያት!»

ነርሷ ጮክ ብላ አነበበች፦ «የዚህ ፓስፖርት ባለቤት በአሜሪካ ሥር ያለች ናት እንጂ የአሜሪካ ዜጋ አይደለችም።»

ያቺን መስመር ሠላሳ ዓመት በአውራ ጣቴ ስሸፍናት ነው የኖርኩት። ታዲያ ምን አልኩ መሰላችሁ? እጆቼን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ «አይደለሁም! እግዚአብሔር ይመስገን፣ አይደለሁም!» አልኩ። ተሰላፊው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ታዲያ የማን ነሽ?» አለች ነርሷ።

«የፉአቲኖ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ነርሷ የሳቅ እንባዋን ጠረገችና፣ «በይ መጨረሻ ላይ ተቀመጪ» አለችኝ። ሐኪሙ ሻንጣው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው ሞራዬን ገፈፈልኝ።

በማግሥቱ ነርሷ ፋሻውን ፈታችው። ቢላዋዬ ተረፈ ብዬ ላለቅስ ስል ፊቴ የቆመችውን ፉአቲኖን አየኋት።

«ውይ! እንዲህ አርጅተሻል እንዴ?»

«መስታወት ላምጣልሽ?» ብላ አመጣችልኝ።

ሰውየው ሲበዛ ጎበዝ ሐኪም ነው። ሽበቴ አንድም ሳይቀር ታየኝ።