አንጓዬን ሳይሆን መዳፌን

ጎሚስታ ነኝ። ሴት ጎሚስታ አይተን አናውቅም የምትሉ ካላችሁ፣ ባሕር ዳር ከዓባይ ድልድይ ማዶ በጎንደር መውጫ በኩል እለፉና እዩ። የጭነት መኪና ጎማ ከቸርኬው ሳላቅቅ የሚያየኝ ሁሉ ወንድ የለም ወይ ይላል። የለም። አባቴ ነበረ፤ ሥራውን አስተምሮኝ አረፈ። ሱቋ ያለችበትን ቦታ ያገኘው ከግቢው ባለቤት ነው። የልብ ወዳጆች ስለነበሩ ወረቀት አልተጻፈም፤ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ተስማሙ፣ አለቀ። እኔም እስከ ዛሬ የምኖረው በዚያው ስምምነት ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ጎሚስታ ሰላም ሲሉት መዳፉን አይሰጥም። ግራሶና ጥላሸት የነካው እጅ ለሰው አይዘረጋም፤ ነውር ነው። ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ አንጓውን ያቀብላል፣ ሰላም ባዩም አንጓውን ይዞ ያልፋል። አባቴ ገና ቡሎን መፍታት ሳያስተምረኝ በፊት ያስተማረኝ ይህንን ነው። እጄ እስኪሰበር ድረስ ግን ይህ ልማድ ለሌላ ነገር ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የተሰበረው ከጥምቀት በኋላ ነው። ጎማ የምፈለቅቅበት ብረት አመለጠኝና ተመልሶ ቀኝ አንጓዬን መታኝ። ጀሶው ሲፈታ ከውስጥ የወጣችው እጅ የእኔ አትመስልም ነበር፤ ከስታ፣ ገርጥታ፣ ብርጭቆ እንኳ መያዝ ያቃታት። ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅ አንዲት የላስቲክ ኳስ ሰጥታኝ ቀስ እያልሁ እንድጨምቃት ነገረችኝ። እጄ እንደምትሻሻል፣ እንደ ድሮዋ ግን ላትሆን እንደምትችል አልደበቀችኝም። እሺ ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ግን ለራሴ፣ እናያለን አልሁ።

ሱቄን ከፈትሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ድኛለሁ አልሁ። በግራ እጄ፣ በጉልበቴ፣ በደረቴ ሳይቀር እየገፋሁ ጎማ ፈታሁ። ሰላም ላለኝ አንጓዬን እሰጣለሁ፣ ግራሶው ነው ብለው ያልፋሉ። አንዳንዱ ጠበቅ አድርጎ ሲይዘኝ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች፤ ጥርሴን ነክሼ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» እላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ ከረምሁ፣ ማንም አልነቃብኝም።

ያጋለጥሁት ራሴ ነኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የግቢውን ባለቤት አገኘኋቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ነጠላዬ ነጭ፣ እጄ በሳሙና ታጥቦ ጥፍሬ ሳይቀር ጠርቷል። «እንደምን አደሩ ጋሼ» ብዬ ጎንበስ አልሁና አንጓዬን ዘረጋሁላቸው። በነጭ ነጠላ፣ በታጠበ እጅ፣ አንጓ! ልማድ ይዞኝ ሄደ። ጋሼ አንጓዬን ይዘው ቀሩ። ጣቶቼን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ፣ ከዚያም ቀስ ብለው እስቲ ጨብጪኝ አሉኝ። ጨበጥኋቸው። ምኑን ጨበጥሁ፣ ነካኋቸው ማለት ይሻላል።

በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው፣ ክፉ ቢሆኑ መመለሱ አያስቸግረኝም ነበር። ሐሙሲት ላይ ጎማ የሚሠራ አንድ ሰው ቦታዋን አጥብቆ እንደሚፈልጋት፣ ለእኔ ደግሞ እዚያው ግቢ ሻይ ቤት እንደሚከፍቱልኝ ነገሩኝ። አባትሽም ቢኖር ይህንን ነበር የሚመርጥልሽ አሉኝ። ደሜ ፈላ። ሻይ አፍልታ የምታድር ሴት አከብራለሁ፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም። አባቴን ደግሞ ምን አመጣው?

«እስከ መስቀል ይታገሡኝ» አልኋቸው። «በመስቀል ማግስት ይምጡ። እጄ ካልያዘ ቁልፉን ራሴ አስረክባለሁ።»

«በግትርነት እጅ አይድንም፣ ልጄ።»

«ያለ ግትርነትም አልዳነም፣ ጋሼ።»

ሥቀው ሄዱ። እኔ አልሣቅሁም።

ኳሷን ሳልጨምቅ ቀርቼ አይደለም። ጨመቅኋት፤ ሬዲዮ እየሰማሁ፣ ወጥ እያማሰልሁ ጨመቅኋት። ግን ኳስ ሲለቋት ተመልሳ ኳስ ናት፤ ከትናንቱ ዛሬ እልፍ ማለቴን የምትነግረኝ ነገር የላትም። ብረት እንዲህ አይደለም። አንዴ ከታጠፈ ታጠፈ ነው፤ ማንም መጥቶ አልታጠፈም ሊለኝ አይችልም። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ከሱቄ አጠገብ በሚሠራው ሕንፃ ምክንያት ነው። እዚያ ለአርማታ የሚሆነውን ፌሮ የሚያጣጥፍ ፌራዮ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ረጅም መፍቻውን ይዞ ብረት ሲያጣምም ይውላል። ቁርጥራጩን እንዲሰጠኝ ለመንሁት። ለምን እንደሆነ ስነግረው ሰው ይህንን በእጁ አያጥፍም፣ መፍቻ የተሠራው ለዚህ ነው ብሎ ተሳለቀብኝ። ቢሆንም ሰጠኝ።

በቀጭኑ የማሰሪያ ሽቦ ጀመርሁ። ጠዋት ጠዋት ድልድዩን ከመሻገሬ በፊት ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። መዳፌን እንዳይቆርጠኝ ሽቦውን በአሮጌ የውስጥ ጎማ ቁራጭ እጠቀልለዋለሁ፤ እሱ መቼም ሱቄ ሞልቷል። እንቦጩ ዳሩን ሸፍኖታል፣ ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች በፊቴ ይመላለሳሉ። አንዱ ፌዘኛ ባለፈ ቁጥር አይምረኝም፤ ማዘር፣ ይኸ ለቁርስ ነው ወይ ይለኛል። ዝም ብለህ ሩጥ እለዋለሁ። ሽቦው እየታጠፈልኝ ሲሄድ ግን ቆም ብሎ ማየት ጀመረ።

ከዚያ ተስገበገብሁ። በሰኔ ከሽቦ ወደ ትልቁ የጣሪያ ሚስማር ዘለልሁና አንጓዬ አብጦ እንቅልፍ ነሣኝ። የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ስታየው ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ነው። ብረቱን ወስዳ ትጥለዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ አገላብጣ አይታው አንድ ቀን እያሳለፍሽ፣ ሲያምሽ እያቆምሽ አለችኝ። ወደ ኳሷ ተመለስሁ። ያ ክረምት አልገፋ አለኝ። መንገድ ተዘግቶ መኪና በጠፋበት ሳምንት ባዶ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ኳስ ስጨምቅ፣ ሻይ ቤቱን ብቀበልስ ብዬ ያሰብሁበት ቀን አለ። ወዲያው ራሴን ተሳደብሁ። ምን ብዬ እንደሆነ አልጽፈውም።

ነሐሴ ላይ ሚስማሩ እሺ አለ። ቀጥሎ ባለ ስድስት ሚሊ ፌሮ፣ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ። እሱን ለመስቀል ቀጠሮ ብዬ ለራሴ አስቀምጬው ነበር፤ እሱ ካልታጠፈ ቁልፉን እሰጣለሁ፣ ምንም ሰበብ የለም። ሁለቱን ጫፍ ይዤ፣ ከአገጬ ሥር አድርጌ፣ ክርኖቼን ከጎኔ አጣብቄ ወደ ታች እጫናለሁ። ዝም። ደግሜ እጫናለሁ፣ አሁንም ዝም። ለብዙ ቀን ጎበጥ እንኳ ሳይል ወደ ሱቅ ይዤው እገባ ነበር። እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት፣ እንደ ወትሮዬ እየረገምሁት ስጫነው መሐሉ ላይ ለስለስ አለኝ። አልለቀቅሁትም። ዓይኔ ጨለመ፣ ገፋሁት፣ ሁለቱ ጫፎች እስኪተያዩ ገፋሁት። ከዚያ አለቀስሁ፤ ምን ይደብቃል፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ያ ፌዘኛ ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ቁርስ አላነሣም።

ብረቱን ወስጄ ሱቄ ግድግዳ ላይ የውስጥ ጎማ መስቀያ አደረግሁት።

በመስቀል ማግስት ጋሼ መጡ፤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የሐሙሲቱን ሰው አስከትለው። እኔ ከወረታ የመጣ ሚኒባስ ሥር ነበርሁ። የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቄ ተነሣሁ። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው። ሰውየው ቦታዋን በዓይኑ ሲለካ ጋሼ መስቀያውን አይተው ማን እንዳጠፈው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልሁ። በምን አሉኝ። በእጄ አልኋቸው። የሐሙሲቱ ሰው ሣቅ አለ። ጋሼ አልሣቁም፤ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው እንደ ወትሮው አንጓዬን ሊይዙ ፈለጉ።

አንጓዬን ወደ ኋላ ሳብሁና መዳፌን ዘረጋሁ። ከነግራሶው፣ ከነጥላሸቱ። ለሽማግሌ፣ በማግስተ በዓል፣ የቆሸሸ መዳፍ! አባቴ ቢያይ ያፍር ነበር። ይፈር።

«መዳፌን ይያዙ፣ ጋሼ።»

ጥቂት አመነቱና ያዙኝ። ጨበጥኋቸው። የሽማግሌ አጥንት ነውና አላሳመምኋቸውም፤ እንዲያውቁት ያህል ግን ያዝኋቸው። ቅንድባቸው ከፍ አለ። እጃቸውን ሊስቡ ሞከሩ፣ አልለቀቅሁም። ደግመው ሞከሩ።

«በቃ፣ ልቀቂኝ» አሉ። ስለቃቸው እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው መዳፌን ጧ አድርገው መቱት፤ ያኔ ከአባቴ ጋር እንደተማቱት። ከዚያ ወደ ሐሙሲቱ ሰው ዞረው፣ «ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምሁህ። ቦታዋ ሰው አላት» አሉት።

መዳፋቸው ጥቁር ሆኗል። ጋዝ የነካ ጨርቅ ሳቀብላቸው በጄ አላሉም። እጃቸውን ከጋቢያቸው አርቀው እንደያዙ ወጡ። ሱቄ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። መንገድ ላይ አንድ ሰው እንኳን አደረሰዎ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። ጋሼ ጣቶቻቸውን ወደ ውስጥ አጠፉና አንጓቸውን ሰጡት።