በጸሎቴ የሸፈንኩት ዘፈን

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም የምናገረው የልጅ ልጆቼ ስለያዙኝ ነው። ከዲጋ ወደ ነቀምቴ ስንመለስ መንገድ ተዘጋና ሚኒባሱ ውስጥ ተፋፍገን ቀረን። ሙቀቱ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ሰው ሁሉ ተኮራርፎ። ያኔ የልጅ ልጄ ሌንሳ ስልኳን አውጥታ የአንድ ፈረንጅ ሮክ ባንድ ዘፈን ለቀቀች። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች «ያ! እነሱ ናቸው!» ብለው አብረው ዘፈኑ፤ ሲነጫነጭ የዋለው ረዳት እንኳ በሩን እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። እኔ ግን ጆሮዬን በነጠላዬ ያዝኩ። መውረጃ የለ፣ መሸሻ የለ። «አኮ» ይሉኛል፣ አያቴ ማለታቸው ነው፤ «አኮ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ይሄ ዘፈን ምን አደረገሽ? ንገሪን እንጂ!» ዘፈኑማ ምን አደረገኝ? ያደረግኩትስ እኔ ነኝ።

እኛ ጴንጤዎች የነፍስ አባት የለንም። ስለዚህ ሌንሳ ትጽፍልኛለች፤ የምታነቡት እናንተ ስሙኝ።

ጫልቱ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ፤ ቢላ ከተማ ታስተምር ነበር። ከዚያ ስትመጣ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ዳሌዋ ተሰበረና እኔ ቤት ተኛች። አጥንቱ ገጠመ፤ እሷ ግን አልነሣም አለች። ሐኪሙ «መቆም ካልለመደች ተቀምጣ መቅረቷ ነው» አለኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች።

አንድ ቀን ከዕቃዋ መሀል ካሴት አስወጣችኝና ቴፑ ውስጥ ከተተችው። እነዚያው ሮከኞች ናቸው፤ ከተማሪነቷ ጀምሮ ነፍሷ ነበሩ። ጊታሩ እንደ መጋዝ ይጮኻል፤ ቃሉ አይገባኝም። ከጓዳ ስመለስ ጫልቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች! በሌላ ቀን ደግሞ ዘፈኑ ሲግል የአልጋውን ብረት ይዛ ቆመች። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ትስቃለች። ይህን በዓይኔ አየሁ። አላየሁም ብዬ እንዴት ልበል?

ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት እህቶች ሊጸልዩላት ይመጡ ነበር። አንዱን ረቡዕ ሲገቡ ቤቱ በዘፈኑ ይናወጣል። ትልቋ፣ አዴ ቶላሺ፣ «ድርቤ፣ ጉልበታችን እስኪላጥ የምንንበረከከው ለዚህች ነው?» አሉኝ።

ጫልቱ ሳቀች። «ኑ እንግዲያ፣ ለጉልበታችሁ ደግሞ እኔ ልጸልይላችሁ።»

አፈርኩ። ጌታን ከተቀበልኩ ገና ቅርብ ጊዜዬ ነበር፤ ሴቶቹ እንዳይርቁኝ ፈራሁ። ለእህቴ ነፍስ ፈርቼ ነው ብል ዛሬም ዋሸሁ። የፈራሁት ለስሜ ነው።

እኛ ዘንድ የዓለም ዘፈን ያለበት ካሴት አይጣልም፤ መዝሙር ወይም ጸሎት ይቀዳበታል፤ «ካሴቱ ዳነ» እንላለን። ጫልቱ ይህን ስለምታውቅ ማንም እንዳይቀዳበት በካሴቱ ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ጆሮ ሰብራት ነበር፤ እሷ ከተሰበረች ቴፑ አይቀዳም። የተሰበረው ቀዳዳ ወረቀት ሲጠቀጠቅበት ግን መልሶ እንደሚቀዳ ከመዘምራኑ አይቻለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሴት፣ ይህን ማወቄ! መድኃኒቱ ሲያስተኛት ቴፑን ጓዳ አስገባሁ። ወረቀቱን ጠቀጠቅኩ እኔ። ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ እኔ። ተንበርክኬ አንዱን ገጽ በጸሎት ሞላሁት፤ ገልብጬ ሁለተኛውን ቃል እስኪያልቅብኝ ጸለይኩበት። ምን ብዬ? «ጌታ ሆይ፣ እህቴን አቁማት» ብዬ። አቁማት እያልኩ፣ ያቆማትን አጠፋሁ።

ስትነቃ ከፈተችው። በዘፈኑ ፋንታ እኔ ወጣሁ። ሰማችና «ማን ነካው?» አለችኝ።

«ማንም። ካሴት ሲያረጅ እንዲህ ያደርገዋል» አልኳት። ድምፄ ከቴፑ እየጮኸ፣ በዚያው ድምፄ ዋሸኋት!

ካሴቱን አወጣች፣ ትራሷ ሥር ከተተችው፣ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ወዲያ እኔ ቤት አልቆመችም። እንደ ሐኪሙ ቃል ወንበር ላይ ቀረች። ሌላ ካሴት ፈለግኩላት ወይ? አልፈለግኩም። እኔ ነኝ አልኳት ወይ? አላልኩም። የጸሎት እህቶች «የጌታ ፈቃድ ነው» ሲሉ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። በኋላ ልጇ አድጋ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ሥራ ስትይዝ ወሰደቻት፤ እዚያው ሞተች። ስትሄድ በር ላይ አቅፌያት ነበር፤ እኔ ነኝ ልላት ብዬ፣ ነጠላዋን ብቻ አስተካከልኩላት። እስከ ዛሬም ያ ጓዳ አልለቀቀኝም። ለመጸለይ በተንበረከክሁ ቁጥር ቀይዋን ቁልፍ የተጫንኩ ይመስለኛል፤ አፌ ይያዛል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ነበረች። አላውቅም ነበርም አልልም፤ አውቅ ነበር።

ያላወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱንም ከሞተች ከዓመታት በኋላ ልጇ ነገረችኝ። ጫልቱ ካሴቱን አልጣለችውም። ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ጸሎቴ ያልደረሰበት ቁራጭ ዘፈን ተርፎ ኖሯል። እዚያ የልጇ ቴፕ ወደፊት ማሳለፊያ ቁልፉ ተሰብሮ ስለነበር፣ እዚያ ለመድረስ እኔን እስከ መጨረሻው መስማት ነበረባት። በየቀኑ ትሰማ ነበር አለችኝ። እኔ ስጸልይ ወንበሯ ላይ ሆና ትጠብቃለች፤ ዘፈኑ ሲመጣ ጠረጴዛውን ጨብጣ ትቆማለች፤ ሲያልቅ ትቀመጣለች።