በአባቴ መቃብር ላይ የበቀለችው ማገጥ

ጊንጪ ዙሪያ ያልታረሰ መሬት አሳዪን ብትሉኝ የምወስዳችሁ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጸሎት ቤታችን መቃብር። ከአጥሩ ውጭ ጤፉና ስንዴው እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ይዘራል። አጥሩ ውስጥ የሚያርስ የለም። አባቴም እዚያ ነው።

እኔ አምቦ ሆኜ ስለ ዕፅዋት አስተምራለሁ። ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ መስከረም ላይ እማዬን ልጠይቅ ሄጄ አባቴ መቃብር ላይ ቁጭ እንዳልኩ አንዲት የማገጥ ዓይነት ዓይኔን ያዘችው። ማገጥ ከብት የሚበላው ተራ ነገር ነው፤ ሐምራዊ አበባው ሜዳውን ቢሸፍነውም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የዚህችኛዋ አበባ ግን ነጣ ያለ ነበር፣ ቅጠሏም ፀጉራም። እዚያች መቃብር ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አላየኋትም። ከበቀሉት አንዷን ብቻ ከነሥሯ ነቅዬ በጋዜጣ መሀል አደረቅኋትና አዲስ አበባ ላሉት የቀድሞ አስተማሪዬ ወሰድኩላቸው።

ሽማግሌው በአጉሊ መነጽር ሲያገላብጧት ቆዩ። "ይህች ንዑስ ዝርያ ጎረቤት አገር እንጂ እኛ ጋ ተመዝግባ አታውቅም" አሉ። "ግን ፍሬዋን ሳላይ አልጽፍም። ኅዳር ላይ አብረን እንሄዳለን።"

ለእማዬ ስነግራት ሳቀች። "እኔ ለጥጃ የምሰጠውን አንቺ በመኪና ሰው ታስመጪበታለሽ?" አለችኝ። ደስታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም፤ አባቴ ያለበትን ለማየት ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ኅዳር ላይ ስንደርስ የእሑድ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችን፤ እየመራችም ወሰደችን። መቃብሩ እንደ ተላጨ ራስ ባዶ ነበር። ዙሪያውን በዶማ ቆፍራ፣ ሥሩን ለቅማ አቃጥላ፣ አሸዋ አልብሳዋለች። አበባው አልፎ ስለነበር የቀረው ለእሷ ደረቅ ሣር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ከተባለ መቃብርም እንደ ቤት ይጸዳል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዳ ፊት አላሳፈርኩሽም አይደል?" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት አስተማሪዬ ቀደሙኝና ባርኔጣቸውን አውልቀው "እጅዎ ይባረክ፤ በጣም ያምራል" አሏት። እኔም ዋጥ አደረግኩት።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር "ሣሯ መዝገብ ገባች?" ትለኛለች። "ገና በሂደት ላይ ነው" እላታለሁ፣ ቢሮ ውስጥ እንደሚባለው። በየመስከረሙ ከአምቦ እስከ ካቺሲ ያለውን መቃብር ሁሉ ዞርኩ። "ማን ሞቶብሽ ነው?" ይሉኛል ሰዎቹ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሣር መሀል ነጣ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ፌስታል ነው። ያቺ አበባ አሳደደችኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ አባቴን ሁለተኛ የቀበርኩት ያህል ይሰማኝ ነበር።

እማዬ ታማ ከተኛች በኋላ ስለ ሣሯ መጠየቅ አቆመች። አንድ ከሰዓት ግን እጄን ያዘችኝ።

"እኔ ነኝ አይደል የነቀልኳት?"

በሌላው እጄ ብርድ ልብሷን ሳብ አደረግኩላት።

"ያን ቀን ፊትሽን አይቼ ነው ያወቅኩት። ማሎ፣ እባክሽ፣ የእኔን መቃብር ማንም እንዳያጸዳው። ከአባትሽ ጎን ነው የምተኛው። ምናልባት ወደ እኔ ትመጣ ይሆናል።"

ይኸው እማዬ ከአባቴ ጎን ናት። "ልጅ ወልዳ መቃብሯ ጫካ ሆነ" እያሉ ዘመዶቻችን ያሙኛል። አክስቴ ማጭድ ይዛ መጥታ ተጣልተናል፤ እስካሁንም አኩርፋኛለች። እኔ ግን መስከረም ሲጠባ እሄድና ተንበርክኬ ሣሩን በጣቴ እየከፈልኩ እፈልጋለሁ። እስካሁን ያገኘሁት ሐምራዊውን ማገጥ ብቻ ነው።

"ገና በሂደት ላይ ነው፣ እማዬ" እላታለሁ።